ድምሩ አርባ አንድ የገባበት ሠርግ

በሐምሌ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ጤና አይደለም፤ ስለ ድምሩ ነው። «ድምሩ እንዴት አደረ?» ይባላል። «ሠላሳ ሦስት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይመለሳል። ሙቀቱና እርጥበቱ ተደምረው የሚሰጡት ቁጥር በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ ይበራል። ከሠላሳ አምስት በታች አረንጓዴ ነው፤ ሰው እንደ ልቡ ይወጣል። እስከ አርባ ቢጫ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ደጅ መቆየት የሚችለው አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቀይ ነው፤ ቀይ ሲበራ ውሾችም ይገባሉ።

ከተማው ለምዶታል። ዳቦ ቤት ጎህ ሳይቀድ ይከፈትና ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ተማሪ የሚማረው ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው። ሱፍ ልብስ ከፊት ሙሉ፣ ከኋላ መረብ ሆኖ ይሰፋል፤ በዚህ ምክንያት ጨዋ ሰው ከሰው ኋላ ኋላ አይሄድም። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ከሠላሳ አምስት በላይ ነውር ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ይገጫል፣ እሱም አንዴ ብቻ። ክረምት የሚለው ቃል ሽማግሌዎችን አሁንም ብርድ ያስታውሳቸዋል። ለልጆቹ ግን ክረምት ማለት ላብ ነው፤ ከላቡ በኋላ ደግሞ ወጀብ።

ባሮክ የጎሮ ኮንዶሚኒየም የሙቀት ተቆጣጣሪ ነው። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ሲሆን ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈው ክንዱ ላይ ቢጫ ጨርቅ አስሮ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ሰው ወደ ቤቱ በማስገባት ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዓይኑ ሰው ፊት ላይ የማይቆይ ዓይን አፋር ነው። ሰዓቱን ሲያይ ግን አያፍርም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ለእሱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ባለቤቱን ኤልዳናን ልብስ ስታሰጣ ሁለት ካልሲ ሲቀራት አስገብቷታል። አንዲት ጎረቤት በአንድ እጇ የልደት ኬክ ይዛ በሌላው ቁልፍ ስትፈልግ የገዛ ደጃፏ ላይ ነፍቶባታል። ሰፈሩ ይህን እያነሳ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ በማግስቱ ግን ይነፋል።

አሁን ልጁን ሊድር ነው። ይህ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ነበር፤ ወንበር ሳይደረደር ቀይ በራ። ሁለተኛው ሐምሌ ሲገባ ነበር፤ በጎቹ ከታረዱ በኋላ ቀይ በራ፤ ሕንፃው በሙሉ ሦስት ቀን ጥብስ በላ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሠርግ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እንደ አዲስ ወረፋ ይያዝና ተራው የሚደርሰው ለሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ነው። ሙሽራው ደርበው ግን ከመስከረም አንድ ጀምሮ ጎባ ተመድቧል። ጎባ አሁንም ጋቢ የሚለበስባት ከተማ ስለሆነች በሯ ጠባብ ነው፤ የጋብቻ ወረቀት የሌላት እጮኛ አትገባም። ወረቀቱ ደግሞ የሚሰጠው ሠርጉ ሳይቋረጥ ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛው ቀጠሮ በዋለበት እሁድ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ልጁ የሺመቤት መስታወት ፊት ተቀምጣ እናቷ ፊቷን ፓውደር ትቀባታለች። ፓውደሩ የሚቆየው አርባ ደቂቃ ስለሆነ ኤልዳና ሦስት ቆርቆሮ ገዝታለች።

«አባዬ» አለች የሺመቤት በመስታወቱ ውስጥ እያየችው፤ «ዛሬ ቀይ ከበራ ፊሽካውን የምትነፋው አንተ ነህ?»

ባሮክ ክራቫቱን እያሰረ ነበር። «ተረኛው እኔ ነኝ።»

«ሰው እንዲተካህ አልጠየቅህም?»

«ጠይቄያለሁ። ሰው የለም። ሐምሌ ነው።»

«እና በልጅህ ሠርግ ላይ ትነፋለህ?» አለች ኤልዳና ቡርሹን አየር ላይ አቁማ።

«አይበራም። ለክቼዋለሁ» አለ። «መቶ አርባ ሰው፣ ስድስት ቀዳዳ። ቢዘፈንም ቢጨፈርም ሠላሳ ስድስት ላይ ይቆማል።»

«ሰውዬው ልጅ የሚድር መሰለሽ? ድልድይ እየሠራ እኮ ነው» አለች ኤልዳና ለልጇ።

የሺመቤት ሳቀች፤ ጉንጯ ላይ የነበረው ፓውደር ተሰነጠቀና እንደገና ተቀባ።

ሠርጉ የሚደረገው ነዋሪው «ኮሚናል» በሚለው የጋራ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ከግድግዳው ሥር ስድስት ቀዳዳዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አንድ ትሪ ያህል ናቸው፤ ከምድር በታች የቀዘቀዘ አየር በእነሱ በኩል ይገባል። ባሮክ በዋዜማው ተንበርክኮ ስድስቱንም አጽድቷል፤ እጁን አስጠግቶ ንፋሱን ለክቷል፤ ቁጥሩን በደብተሩ ጽፏል። ፈቃዱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፦ አዳራሹ ውስጥ ድምሩ አርባ አንድ ገብቶ አምስት ደቂቃ ከቆየ ሠርጉ ይፈርሳል።

የሙሽራው ወገን አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ በአውቶቡስ መጣ። ምሰሶው ሠላሳ ስምንት፣ ቢጫ። አውቶቡሱ አሥራ አምስት መስኮት ነበረው፤ አሥራ አምስቱም ተዘግተዋል። በሩ ሲከፈት የእንፋሎት ጭስ ቀድሞ ወጣ፤ ቀጥሎ ሚዜዎቹ፣ ቀጥሎም ደርበው። ከሱፉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ምነው፣ ሙሽራው በዋና ነው እንዴ የመጣው?» አለች ዘነበች፣ የየሺመቤት ጓደኛ፣ የሴት ሚዜዎች አለቃ።

«አያቴን ጠይቋቸው» አለ ደርበው ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «ከሳሪስ እስከዚህ መስኮት አላስከፈቱም።»

የደርበው አያት አባባ ናትናኤል በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከሁሉም የደረቁት እሳቸው ነበሩ። «በላብ ላይ ንፋስ?» አሉ። «ሙሽራውን ንፋስ መትቶት ቢጣመም እናንተ ትመልሱታላችሁ? ላብ ገድሎ አያውቅም፤ ንፋስ ነው የሚገድለው።»

አውቶቡሱ ሙሉ ሰው አላመናቸውም፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ግን መስኮቱን አልከፈተም።

ዘነበችና ስምንት ልጃገረዶች በሩ ላይ ተሰለፉ። ሙሽራ በገዛ እጁ በር ከፍቶ አይገባም፤ ይለመናል፣ ይለማመጣል፣ ይሰደባል፤ ይህን ሙቀቱ አልቀየረውም። የቀየረው ፍጥነቱን ነው። ባሮክ ምሰሶው ሥር ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ያለን፣ እህቶቼ!» አለ የመጀመሪያው ሚዜ። «ከዚያ በኋላ የምታስገቡት ሙሽራ ሳይሆን በላቡ የበሰለ ወጥ ነው!»

«ሙሽራችሁ ቁመቱ የታለ? በላብ አልቆ ነው?»

«ለኩት! ከመጋረጃችሁ ይረዝማል!»

«አራት ደቂቃ ሄደ» አለ ባሮክ።

«ጋሼ፣ አንተ የማን ወገን ነህ?» ጮኸች ዘነበች።

«የሰዓቱ» አለ፤ ሁለቱም ወገን ሳቀ።

በዘጠነኛው ደቂቃ ሚዜዎቹ ከሻንጣ ትንንሽ መርጫዎች አወጡ። ድሮ ሽቶ ነበር የሚረጨው፤ አሁን በረዶ የቀለጠበት ውሃ ነው። ልጃገረዶቹ ሲረጭባቸው ጩኸታቸው እስከ አምስተኛ ፎቅ ተሰማ፤ መዝጋታቸውን ረስተው ራሳቸው ወደ ሚዜዎቹ ተጠጉ፤ ደርበው በመሀል ሾለከ። አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ። ባሮክ በደብተሩ ጻፈው። በደስታም ከሥሩ አሰመረበት።

አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ እንግዳ በር ላይ አንድ ጣሳ የጨው ውሃ ጠጥቶ ይገባል፤ ጠጅ የሚቀዳለት ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎች ጀርባቸውን እንዲያስደግፉ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ወንበሮቹ እስከ መሬት የሚደርስ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ሙሽሮቹ መድረኩ ላይ፣ በአበባ በተከበበ ሰፊ ወንበር ተሰየሙ። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ኤልዳና ሁለተኛውን ቆርቆሮ ፓውደር ከፈተች።

ከግድግዳው በላይ ያለው ትንሽ ሰሌዳ ሠላሳ ሰባት ይላል። ባሮክ ቅር አለው፤ አንድ ትርፍ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ ዘጠኝ። ምግቡ አዳራሹን እያሞቀው ነው ብሎ የወጥ ድስቶቹን ወደ ጓዳ አስወጣ። ቁጥሩ አልወረደም። የቪዲዮ መብራቱን አስጠፋ። አልወረደም። ሦስት ሰዓት ላይ አርባ ሆነ፤ ሰሌዳው ቢጫውን እያጠቆረ መጣ።

«ጭፈራው ይቁም» አለ በዝግታ።

ዘፋኙ ሰማውና ዝም አለ። መቶ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ተቀመጠ። በሠርግ አዳራሽ ውስጥ የማራገቢያ ካርቶን ድምፅ ብቻ ቀረ። መድረኩ ላይ የሺመቤት የደርበውን እጅ ያዘች፤ ሁለቱም ሰሌዳውን ያዩ ነበር። የደርበው አባት ኢዮስያስ ተነስቶ ወደ ባሮክ መጣና ጆሮው ሥር «ሰው ቢቀነስስ? ከእኛ ወገን ሠላሳ ሰው ይውጣ» አለው።

«ደጁ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ተመልሰው ይገባሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ባሮክ ሂሳቡን በልቡ እንደገና ሠራው፤ ሂሳቡ ልክ ነበር። ስለዚህ ልክ ያልሆነው አዳራሹ ነው። ከግድግዳው አጠገብ ጎንበስ ብሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ንፋሱን እየፈለገ ከወንበር ወንበር ሄደ። ንፋስ የለም። ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ጆሮው ጋለ። በመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ የተቀመጡት አክስቱ እትዬ ሶልያና ነበሩ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የወንበራቸውን ጨርቅ ገለጥ አደረገ። ቀዳዳው ውስጥ ነጠላ ተጠቅጥቋል፤ በጥሩ አኳኋን፣ ጥበቡ ወደ ውጭ ሆኖ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ነጠላዎ።»

እትዬ ሶልያና ዞር ብለው አዩት፤ እንደ ሌላ ሰው ነጠላ። «ወድቆ ይሆናላ።»

«ወድቆ ነው እዚህ ውስጥ የታጠፈው?»

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እግሬ ሥር ንፋስ ይገባል። በላብ ላይ ነኝ። አንዷን ቀዳዳ ብደፍን ስንት ትቀራለች? አምስት። አምስት አይበቃም?»

ባሮክ ወደ ሁለተኛው ሄደ። አባባ ናትናኤል የሱፍ ባርኔጣቸውን ወትፈውበታል። ሦስተኛው ላይ ትራስ፤ ትራሱን ከቤት ይዘውት መጥተዋል ማለት ነው። አራተኛው ላይ ጫማ የያዘ ፌስታል። አምስተኛው ላይ የሙሽራዋ አክስት ያመጡት የአበባ እቅፍ፣ አበባው ወደ ውስጥ። ስድስተኛው ላይ ዳቦ። ስድስት ሽማግሌ፣ ስድስት ቀዳዳ፤ እያንዳንዳቸው የደፈኑት አንዷን ብቻ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ሌሎቹ አምስቱ ለሠርጉ ይበቃሉ ብለው አስበው ነበር።

ሰሌዳው ጮኸ። አርባ አንድ። ቀይ።

አዳራሹ ሙሉ «ውይ!» አለ። ባሮክ ሰዓቱን ተጫነው፤ ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ሳያስበው ይጫናል። አምስት ደቂቃ።

እትዬ ሶልያና ጋ ተመልሶ ነጠላውን ያዘ። እሳቸውም በሌላው ጫፍ ያዙት።

«እትዬ፣ ይልቀቁ።»

«አክስትህን በልጅህ ሠርግ ልትቀብር ነው? ልቀቅ አንተ! ምች ቢመታኝ ዳማከሴ የሚያሽልኝ አንተ ነህ?»

«የየሺ ሠርግ ሊፈርስ ነው።»

«የእኔን ብቻ ነው ያየኸው? የእነዚያን ሂድና አስወጣ!» አሉ በአገጫቸው ወደ ሙሽራው ወገን እያመለከቱ።

ይህ ነበር ችግሩ። ከስድስቱ ሦስቱ የሙሽራው ወገን ናቸው። የሙሽራዋ አባት የሙሽራውን አያት ባርኔጣ ከጀርባቸው መዝዞ አውጥቶ ንፋስ ቢያስመታቸው ይህ ነገር ለሰባት ዓመት ይወራል፤ ክርስትናም ላይ ይነሳል። አባባ ናትናኤል ከወዲያ ሆነው ሰምተዋል። «እኔ ከዚህ አልነሳም» አሉ ለማንም ሳይሆን ለጣሪያው። «ንፋሱ ጀርባዬን ቢነካኝ ዛሬውኑ ነው የምሞት።»

አንድ ደቂቃ ሄደ።

የሺመቤት ከመድረኩ ወርዳ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ መጣች። ፓውደሩ ሁሉ ወርዷል፤ ፊቷ ያበራ ነበር። «አባዬ፣ የእኛ ወንበር ጀርባ ቀዳዳ አለ?»

ባሮክ ደብተሩን ማየት አላስፈለገውም። «የለም። መድረኩ ጋ የለም።»

«እና እነሱ እዚያ ይቀመጡ። እኛ እዚህ።»

ባሮክ ልጁን አያት። ዓይኑን ሳይነቅል አያት፤ ይህን የሚያደርገው ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እትዬ ሶልያና፣ አባባ ናትናኤል፣ ሁላችሁም፣ እባካችሁ መድረኩ ላይ ውጡልን።»

«የሙሽሮች ወንበር ላይ?» አሉ እትዬ ሶልያና። «ኧረ ጉድ! ምን በወጣኝ!»

«እሳቸው ይውጡ፤ እኔ እዚህ ይበቃኛል» አሉ አባባ ናትናኤል።

«እርስዎ እያሉማ እኔ አልወጣም።»

«በሞቴ ይቅደሙ።»

«በልጆቼ ሞት፣ እርስዎ!»

«ኧረ ተዉኝ፣ እኔ የት አውቄ መድረክ!»

ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ። ስድስቱም ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግብዣውን እየመለሱ ነበር፤ ጨዋ ሰው ሦስት ጊዜ እምቢ ሳይል ትልቅ ቦታ ላይ አይቀመጥም፤ ስድስት ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ እምቢ ሲል ደግሞ አሥራ ስምንት ነው። ኤልዳና መለመን ጀመረች፤ ኢዮስያስ አባቱን መለመን ጀመረ፤ ልመናው ደግሞ እምቢታውን አበዛው።

ባሮክ ክንዱ ላይ ያለውን ቢጫ ጨርቅ አስተካከለና የዘፋኙን ማይክ ወሰደ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማይኩ ግን አዳራሹን ሞላው።

«የሙቀት ቁጥጥር ደንብ ክፍል አራት። ተቆጣጣሪ በአዳራሽ ውስጥ የተሰብሳቢዎችን አቀማመጥ ማስተካከል ይችላል። በዚህ መሠረት ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆናችሁ መድረክ ላይ ትቀመጣላችሁ። ልመና አይደለም። ትእዛዝ ነው።»

ስድስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«ትእዛዝ ነው?» አሉ አባባ ናትናኤል።

«ትእዛዝ ነው፣ አባባ።»

«እንዲያ በላ! ከመንግሥት ጋር ማን ይጣላል?» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ብድግ አሉ። እትዬ ሶልያናም ነጠላውን ለቀቁ። ትእዛዝ ከሆነማ የእሳቸው ጥፋት የለበትም፤ ነገ ማንም «መድረክ ላይ ተሰቅላ» አይላቸውም። ስድስቱም በየሰው ክንድ እየተደገፉ ወጡ፤ ሚዜዎቹ ተጨማሪ ወንበር አሻገሩላቸው። ባሮክ ራሱ አክስቱን በብብታቸው ይዞ ሦስቱን ደረጃ አወጣ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ውስጥ ሴኮንዶች ሄዱ። ከታች ደርበው ባርኔጣውን መነጨቀ፤ ዘነበች አበባውን ሳበች፤ ኤልዳና ዳቦውን በቁርጥራጭ አወጣች። ነጠላው ሲወጣ ቀዳዳው እንደ ጠርሙስ ቡሽ «ጶ!» አለ።

ንፋሱ መጣ። የየሺመቤት ቬሎ ተነስቶ ፊቷን ሸፈነው፤ የጠረጴዛው ወረቀት ሁሉ ተነሳ።

ሰሌዳው ግን አርባ አንድ ነው። አራት ደቂቃ ከሃምሳ። አርባ አንድ።

አምስት ደቂቃ።

ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ለሙቀት ቁጥጥር ሪፖርት ይደረጋል፤ ባሮክ ስልኩን አወጣ። ኤልዳና ከወዲያ ማዶ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች፤ «ተው» አለች በከንፈሯ። አዳራሹ ሙሉ አየው። እሱም አዳራሹን አየ፤ ልጁን አየ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በር ላይ ቁልፍ ሲፈልግ አላዘነም። ለራሱ ልጅ ቢያዝን፣ ለእነዚያ ሁሉ ምን ይላቸዋል? ደወለ።

ጠራ። እንደገና ጠራ።

«ሙቀት ቁጥጥር፣ ተረኛ አስካለ።»

«ባሮክ ነኝ፣ ከጎሮ። አዳራሽ ውስጥ አርባ አንድ ገብቶ አምስት ደቂቃ ሞልቷል።» ሰዓቱን አየ። «አሥራ አራት ሴኮንድም አልፏል።»

«የምን ስብሰባ ነው፣ ጋሽ ባሮክ?»

«ሠርግ ነው፤ የልጄ።»

ከወዲያ በኩል የወንበር ድምፅ ተሰማ፤ ሴትዮዋ ቀና ብላ የተቀመጠች ይመስላል። «አሁን ቁጥሩ ስንት ይላል?»

«አልኩሽ እኮ፣ አርባ አንድ ገብቶ…»

«ጋሼ፣ አሁን ስንት ይላል?»

ባሮክ ቀና አለ። ሰሌዳው ላይ ያለው አንዱ ጠፍቶ ዜሮ ሆኗል። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ዜሮ ነው።

«አርባ» አለ።

«አርባ ቀይ ነው?»

«አይደለም።»

«ደንቡ እኮ “አምስት ደቂቃ ሞልቶ፣ ሪፖርት በሚደረግበት ጊዜም አርባ አንድ ከሆነ” ነው የሚለው። እርስዎ ነዎት ለእኛ ሥልጠና ላይ ያስተማሩን።»

እውነት ነው። መቶ ጊዜ አስተምሮታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግን ሪፖርት እስኪደረግ ድረስ ቁጥሩ ወርዶ ስለማያውቅ፣ የደንቡን ሁለተኛ ግማሽ እንደ ማስጌጫ ነበር የሚያነበው።

«ታዲያ ምን ልመዝግብ?» አለች አስካለ። «“አርባ ነው ብለው ደወሉ” ልበል? እንደዚህ ብሎ የሚደውል የለም።»

«አትመዝግቢ» አለ ባሮክ።

«ምነው ዝም አላችሁ? ሠርግ ነው ብለውኝ የለ እንዴ? ዘፈን የለም?»

ባሮክ ስልኩን ከጆሮው አራቀና ለአዳራሹ «አርባ ነው» አለ። ድምፁ አልወጣም፤ ግን ከንፈሩን ያላነበበ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አስካለ በስልክ ሰማችው፤ ስልኩንም ለረጅም ጊዜ አልዘጋችውም።

ቁጥሩ ወደ ሠላሳ ስምንት፣ ወደ ሠላሳ ሰባት ወረደ። ሙሽሮቹ ግድግዳ ሥር፣ በንፋሱ ፊት ተቀምጠው ቬሎና ክራቫት እየተውለበለበባቸው በሉ። ሰው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊላቸው ወደ እነሱ ሲሄድ፣ ሊመረቅ ደግሞ ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ስለዚህ አዳራሹ ሁለት ራስ ኖረው። ስድስቱ ሽማግሌዎች በአበባ ተከበው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተሰይመዋል። እትዬ ሶልያና ከአባባ ናትናኤል ጎን፣ ልክ የሙሽራዋ ቦታ ላይ ነበሩ።

«ከመንግሥት የታዘዘ ጋብቻ ነው ይሄ» አሉ አባባ ናትናኤል።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ጥሎሽ የታለ?» አሉ እትዬ ሶልያና፤ ፎቶ አንሺውም ሊሄድ ሲል መልሰው ጠሩት።

ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ተኩል የጨፈሩትን ያህል ጎሮ ውስጥ ተጨፍሮ አያውቅም፤ ባሮክ ይህን ሊለካው አይችልም፤ ግን እርግጠኛ ነው። እሱ ግን አልጨፈረም። ሰዓቱ ወደ አምስት እየሄደ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ፈቃዱ ያልቃል፤ አውቶቡሱ በር ላይ ይቆማል፤ የሺመቤት ትሄዳለች። መስከረም ላይ ጎባ። ጎባ ዘመድ ለመጠየቅ የሚፈቀደው በዓመት አራት ቀን ነው። ሠርጉ እንዲያልቅ ሦስት ወር ለምኗል፤ አሁን ሊያልቅ ሲል ደግሞ እየሮጠ ያለውን ሰዓት ማየት አልቻለም። ሰሌዳውን እያየ ቆመ።

አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ መስኮቶቹ ጠቆሩ። ትንበያው ወጀቡ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ነበር ያለው። ከምሥራቅ በኩል ደመናው ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ እየዋጠ መጣ፤ የደጁ ዛፎች በአንድ ጊዜ ጎበጡ። የባሮክ ስልክ ጮኸ፤ ማስታወቂያ ነው። አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ሄዶ ማይኩን ወሰደ፤ ዘፈኑ ቆመ፤ የሚዜዎቹ ፊት ጠወለገ፤ ይህ ሰው ማይክ የሚይዘው ለደግ ነገር አይደለም።

«የሙቀት ቁጥጥር ማስታወቂያ» አለ በዚያው በተለመደው ደረቅ ድምፅ። «ከምሥራቅ የተነሳው ወጀብ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። በአዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ካላችሁበት እንዳትወጡ። ክልከላው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቆያል። የስብሰባ ፈቃዶች እስከዚያው ተራዝመዋል።»

አንድ ሰው ከኋላ በጣቱ ቆጠረና «ስድስት ሰዓት!» ብሎ ጮኸ። ዘነበች እልል አለች። ኤልዳና ተቀበለቻት። መድረኩ ላይ ስድስቱ ሽማግሌዎች በሌላቸው ትንፋሽ እልል አሉ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው እልልታው በለጠው።

ባሮክ ማይኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። በሠላሳ ዓመት ሥራው ክልከላ አንብቦ የተጨበጨበለት ቀን አልነበረም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

«ድገመው!» አለች የሺመቤት ከግድግዳው ሥር፣ ቬሎዋ በንፋሱ ተነስቶ።

«ድገመው! ድገመው!» አለ አዳራሹ።

ባሮክ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ስልኩን ከፍ አደረገ፤ ግን አላየውም። ልጁን ነበር የሚያየው። ጉሮሮውን ጠረገና በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጠ፣ እንደገና ጀመረ።

«በአዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ፤ «ካላችሁበት እንዳትወጡ!»